ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ለሚመጣ የክንድ እብጠት የሚደረግ የማሸት ሕክምና

የሊምፍ ማሸት ሕክምና የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ወይም የጨረር ሕክምና ካደረጉ በኋላ ክንዳቸው ለሚያብጥ ሰዎች የሚሰጥ የፊዚዮቴራፒ ዘዴ ነው። ባለሙያው ቆዳን በቀስታ በመግፋት በክንድ ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ጤናማው የሰውነት ክፍል ይመራዋል። እብጠቱ በሕክምና ስሙ ሊምፌዴማ ይባላል። ማሸቱ ብቻውን አይሰጥም፤ ፋሻ ማሰር፣ ቆዳን መንከባከብና ክንድን ማንቀሳቀስ አብረውት ይሄዳሉ። እነዚህ አራቱ ተደጋግፈው ሲሠሩ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጨርሶ የሚነቅለው ሕክምና ስለሌለ እንክብካቤው ለረጅም ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም ለዕድሜ ልክ ይቀጥላል።

በቦንጋ ከተማና በካፋ ዞን ጉዳዩ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል የካንሰር ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ሩቅ በመሆናቸው ታካሚዋ ቀዶ ሕክምናውን አድርጋ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ክንዷ ሲያብጥ የሚከታተላት ባለሙያ በቅርብ ላታገኝ ትችላለች። በሌላ በኩል ከእንክብካቤው አብዛኛው ክፍል በቤት ውስጥ፣ በሳሙናና ውሃ፣ በፋሻና በገዛ እጅ የሚሠራ ነው። በኢትዮጵያ ለእግር ዝሆኔ ሕሙማን ሲሰጥ የቆየው የእብጠት እንክብካቤም የተመሠረተው በዚሁ መርህ ላይ ነው።

ክንድ ለምን ያብጣል

ደም በሰውነት ውስጥ ሲዘዋወር ከቀጫጭን የደም ሥሮች ወደ ሥጋና ቆዳ የሚወጣ ፈሳሽ አለ። ከዚህ ፈሳሽ ከፊሉ ሊምፍ ተብሎ በሊምፍ ሥሮች ይሰበሰብና በሊምፍ ዕጢዎች ተጣርቶ በአንገት ሥር ባሉት ትላልቅ የደም ሥሮች በኩል ወደ ደም ይመለሳል። ፈሳሹ ፕሮቲን፣ ስብና ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚይዝ የሊምፍ መንገድ ሰውነት ከተሕዋስያን የሚከላከልበትም መንገድ ነው። ከክንድና ከጡት የሚመጣው ሊምፍ አብዛኛው የሚያልፈው በብብት ውስጥ ባሉ ዕጢዎች በኩል ነው።

የጡት ካንሰር በመጀመሪያ ከሚዛመትባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የብብት ዕጢ ነው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ካንሰሩ መዛመቱን ለማወቅም ሆነ የተዛመተውን ለማስወገድ ዕጢዎቹን ያወጣል። የጨረር ሕክምናም የቀሩትን የሊምፍ ሥሮች ሊያጠብብና አካባቢውን ጠባሳ ሊያደርገው ይችላል። መንገዱ ሲጠብ ፈሳሹ በክንድ ውስጥ ይጠራቀማል። ሁኔታው ቦዩ የተደፈነበትን ማሳ ይመስላል፤ ውሃው መምጣቱን አያቆምም፣ የሚወጣበት ግን ያጣል።

ሁሉም ሰው እኩል ስጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ መሠረት የጡት ካንሰር ሕክምና ካደረጉ 5 ሴቶች በ1ዱ ገደማ ላይ የክንድ እብጠት ይከሰታል። የብብት ዕጢዎቻቸው በብዛት በወጡላቸው ሴቶች ላይ ድርሻው ወደ 20 በመቶ ሲደርስ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዕጢዎች ብቻ ተመርጠው በወጡላቸው ላይ ግን 6 በመቶ ገደማ ነው። ጨረር መታከም፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና በክንዱ ላይ የሚደርስ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ስጋቱን ይጨምራሉ። በኢትዮጵያ ብዙ ሴቶች ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ስለሆነ ጡትን ሙሉ በሙሉ ማንሳትና የብብት ዕጢዎችን በብዛት ማውጣት የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት የክንድ እብጠት ስጋት ከፍ ያለ ነው።

ምልክቶችና ደረጃዎች

እብጠቱ በአብዛኛው የሚጀምረው ከሕክምናው በኋላ ባሉት 2 እና 3 ዓመታት ውስጥ ነው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚነሣበት ጊዜም አለ። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች በዓይን ላይታዩ ይችላሉ። ታካሚዋ ክንዷ እንደከበዳት ወይም እንደተወጠረ ይሰማታል። ቀለበቷ ይጠባታል፣ አምባሯ አልወልቅ ይላል፣ የቀሚሷ እጅጌ በአንድ በኩል ያስጨንቃታል።

የሕክምና ባለሙያዎች እብጠቱን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል።

ደረጃ 0፦ የሊምፍ ፍሰት ተጓድሏል፣ እብጠት ግን አይታይም። የክብደት ስሜት ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 1፦ እብጠቱ ለስላሳ ነው። በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ እጅ ከፍ ተደርጎ ሲያርፍ ወይም ሌሊት ከተተኛ በኋላ ይጎድላል።

ደረጃ 2፦ እጅን ከፍ ማድረግ ብቻውን እብጠቱን አይቀንሰውም። ከቆዳ ሥር ስብና ጠባሳ መሰል ሥጋ መፈጠር ስለሚጀምር ቦታው እየጠጠረ ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ ክንዱ እጅግ ይወፍራል፣ ቆዳው ይደድራል፣ ኪንታሮት መሰል እባጮች ይወጡበታል። የዝሆኔ መልክ የሚይዘው በዚህ ጊዜ ነው።

ሕክምናው ከሁሉ በላይ ውጤት የሚያመጣው በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ነው። ለዚህም እብጠቱን በጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊ በሚጠቀምበት ሜትር የሁለቱን ክንዶች ዙሪያ በተመሳሳይ ቦታዎች ላይ፣ ማለትም በመዳፍ፣ በእጅ አንጓ፣ ከክርን በታችና ከክርን በላይ መለካት በቂ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተወሰደ ልኬት ካለ ንጽጽሩ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል። በሁለቱ ክንዶች መካከል የ2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት መታየቱ ብዙ ጊዜ ለምርመራ መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል።

አዲስ የመጣ እብጠት ሁሉ ሊምፌዴማ አይደለም። የደም መርጋት፣ ኢንፌክሽን ወይም በብብት ውስጥ ተመልሶ የመጣ ካንሰርም ክንድን ሊያሳብጥ ይችላል። ስለዚህ ማሸት ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። በተለይ እብጠቱ በድንገት ከመጣ፣ ብርቱ ሕመም ካለው ወይም ክንዱ ከደከመና ከደነዘዘ ምርመራው አይዘገይም።

የዘዴው ታሪክ

እብጠትን በማሸትና በማሰር የማከም ሐሳብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦስትሪያዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ፎን ቪኒቫርተር በጻፈው ሥራ ውስጥ ይገኛል። ዛሬ የሊምፍ ማሸት ተብሎ የሚታወቀውን ለስላሳ ዘዴ ያዳበሩት ዴንማርካውያኑ ባልና ሚስት ኤሚልና ኤስትሪድ ፎደር ናቸው። ሁለቱ በፈረንሳይ ሲሠሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1936 ዘዴያቸውን በፓሪስ ለሕዝብ አስተዋወቁ። ኋላም የሃንጋሪ ተወላጁ ሐኪም ሚካኤል ፌልዲና ባለቤቱ ኤቴል ፌልዲ ማሸቱን ከፋሻ፣ ከቆዳ እንክብካቤና ከእንቅስቃሴ ጋር አጣምረው ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበትን ባለ አራት ክፍል ሕክምና አደራጁ።

ማሸቱ እንዴት ይሠራል

ሊምፍ የሚሰበስቡት የመጀመሪያዎቹ ሥሮች ከቆዳ ሥር በጣም ቅርብ የሆኑና እጅግ ስስ ናቸው። ግድግዳቸው በዙሪያቸው ካለው ሥጋ ጋር በቀጫጭን ክሮች የተያያዘ ነው። ቆዳው በቀስታ ሲሳብ ክሮቹም ይሳባሉ፤ የሥሮቹ አፍ ተከፍቶ ፈሳሹ ይገባል። ቆዳው ሲለቀቅ አፉ ይዘጋና ፈሳሹ ወደፊት ይሄዳል። ማሸቱ ይህንን መሳብና መልቀቅ በዝግታ ይደጋግማል።

ስለዚህ የሊምፍ ማሸት ቀላል ነው። እጅ በቆዳ ላይ አይንሸራተትም፤ ቆዳውን ይዞ ከሥሩ ባለው ሥጋ ላይ ያንቀሳቅሰዋል እንጂ። በዚህ ምክንያት ቅባት፣ ቅቤ ወይም ዘይት አያስፈልግም። ጡንቻ ድረስ የሚደርስ ግፊት ስስ ሥሮቹን ይጨፈልቃል፤ ወደ ቦታው የሚመጣውንም ደም ስለሚያበዛ እብጠቱን ሊያብሰው ይችላል። ማሸቱ ሕመም ካስከተለ ወይም ቆዳውን ካቀላ ግፊቱ ከመጠን አልፏል ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉ

የማሸቱ ዋና ደንብ በመጀመሪያ መድረሻውን መክፈት፣ ቀጥሎ ያበጠውን ቦታ መንካት ነው። የተደፈነውን ቦይ ሳይጠርጉ ውሃ መልቀቅ እንደማይጠቅም ሁሉ፣ ከመዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ ማሸት ፈሳሹን መውጫ ወደሌለው ቦታ መግፋት ይሆናል። በተለመደው አሠራር ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ታካሚዋ በጀርባዋ ተኝታ ወይም ተደግፋ በሆዷ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ጥልቅ ትንፋሽ በደረትና በሆድ ውስጥ ያለውን ትልቁን የሊምፍ መንገድ ያንቀሳቅሳል።

ሁለተኛ፣ በአንገት ግራና ቀኝ፣ ከትከሻ ፊት ለፊት ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ቆዳው በጣቶች ጠፍጣፋ ገጽ በክብ እንቅስቃሴ በቀስታ ይታሻል።

ሦስተኛ፣ ቀዶ ሕክምና ያልተደረገለት የሌላው ወገን ብብትና ባበጠው ክንድ በኩል ያለው ብሽሽት ይታሻሉ። የክንዱ ፈሳሽ የሚላክባቸው አዳዲስ መውጫዎች እነዚህ ናቸው።

አራተኛ፣ የደረቱ ቆዳ ከተጎዳው ወገን ወደ ጤናማው ብብት፣ የጎኑ ቆዳ ደግሞ ወደ ብሽሽት ይገፋል። ጀርባም በተመሳሳይ መንገድ ይታሻል።

አምስተኛ፣ ክንዱ ይጀመራል፤ በመጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ ከክርን በላይ፣ ከዚያ ከክርን በታች፣ በመጨረሻ መዳፍና ጣቶች። በእያንዳንዱ ቦታ ግፊቱ ሁልጊዜ ወደ ትከሻ ነው። ከዚያ ከመዳፍ ወደ ትከሻ ተመልሶ ደረትና አንገት እንደገና ይታሻሉ።

በባለሙያ የሚሰጠው ሕክምና አንዱ ጊዜ ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። ሕክምናው ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ እብጠቱን ለመቀነስ ማሸቱና ፋሻው ከ2 እስከ 4 ሳምንት በየቀኑ ወይም በሳምንት አብዛኛውን ቀን ይሰጣሉ። በሁለተኛው ምዕራፍ የተገኘውን ውጤት ለመጠበቅ ታካሚዋ ራሷ በቤቷ አጠር ያለ ማሸት ታደርጋለች። የጀርባውን ማሸት ብቻዋን ልትሠራው ስለማትችል ልጇ፣ እኅቷ ወይም ባለቤቷ ከባለሙያው ዘንድ አብረው ቢማሩ ይመረጣል።

ከወጌሻ ማሸት ጋር ያለው ልዩነት

በካፋም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሰው ሲወለቅ፣ ሲሰበር ወይም ሥጋው ሲያብጥ ወደ ወጌሻ መሄድ የቆየ ልማድ ነው። የወጌሻ እጅ ጠንካራ ነው፤ ቅቤ ወይም ቅባት ተቀብቶ ሥጋው በኃይል ይታሻል፣ ይጎተታል። ይህ አሠራር ለሊምፌዴማ አይስማማም። ክንዱ ያበጠው ሥጋ ስለዞረ ወይም አጥንት ስለወለቀ ሳይሆን የሊምፍ መንገዱ ስለተዘጋ በኃይል ማሸት የቀሩትን ሥሮች ይጎዳል።

ከዚህ ይበልጥ አደገኛው ያበጠውን ክንድ መብጣትና ዋግምት ማድረግ ነው። ፈሳሹ በብጣቱ ይወጣል ተብሎ ቢታሰብም ክንዱን የሚያሳብጠው ምክንያት ስላልተወገደ ተመልሶ ይሞላል። የተበጣው ቆዳ ደግሞ ለተሕዋስያን በር ይከፍታል፤ የሊምፍ መንገዱ በተዘጋ ክንድ ላይ ትንሽ ቁስል እንኳ ፈጥኖ ወደ ከባድ ኢንፌክሽን ሊለወጥ ይችላል። በእሳት የጋለ ነገር ማስነካት፣ ቅጠል ቀጥቅጦ በቁስል ላይ ማሰርና ክንዱን በትኩስ ውሃ መዘፍዘፍም እንደዚሁ አይመከሩም። በካፋ እንደ ዳዲበን ያሉ ፍል ውሃዎች ለፈውስ ይፈለጋሉ፤ ብርቱ ሙቀት ግን ወደ ክንዱ የሚፈሰውን ደም ስለሚጨምር ያበጠ ክንድ ያላት ሴት ክንዷን በፍል ውሃ ውስጥ ባትነክር ይሻላል።

የሽንት ማብዣ ክኒንም ለዚህ እብጠት መፍትሔ አይሆንም። ውሃውን ለጊዜው ቢቀንስም ፕሮቲኑ በክንዱ ውስጥ ስለሚቀር እብጠቱ ይመለሳል። ውሃ መጠጣትን መቀነስም ጥቅም የለውም።

ፋሻና የሚያጠብቅ እጅጌ

በማሸት የወጣው ፈሳሽ ክንዱ እንዲሁ ከተተወ በሰዓታት ውስጥ መመለስ ይጀምራል። እንዳይመለስ የሚይዘው ፋሻው ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚታሰረው ብዙ የማይለጠጥ ፋሻ ነው። ይህ ፋሻ እጅ ሲያርፍ አያስጨንቅም፤ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ግን እንደ ግድግዳ ሆኖ ስለሚመክተው ፈሳሹ ወደ ላይ ይገፋል። አስተሳሰሩ ከጣቶች ጀምሮ ወደ ትከሻ ይሄዳል፤ ጥብቀቱ በመዳፍ በኩል የበለጠ፣ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ ነው። ከፋሻው በታች ለስላሳ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ይደረጋል። ፋሻው ለመታጠብና ለማሸት ብቻ ይፈታል፣ ሌሊትም ታስሮ ይታደራል።

ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ሕመም ከተሰማ ፋሻው ወዲያው መፈታት አለበት። ለስብራት የሚታሰረው ዓይነት ጥብቅ አስተሳሰር ወይም በአንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚጠብቅ ክር ፈሳሹን ከታች አግዶ ያስቀረዋል።

እብጠቱ ከቀነሰ በኋላ ታካሚዋ በልኳ ከላስቲክ ጨርቅ የተሠራ፣ ክንድን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ እጅጌ ቀን ቀን ትለብሳለች። እጅጌው በየጊዜው እየታጠበ ይለበሳል፤ ከወራት አገልግሎት በኋላ ግን ስለሚላላ መለወጥ አለበት። ይህ ዓይነቱ እጅጌ በገጠር በቀላሉ ስለማይገኝ በኢትዮጵያ ሁኔታ ፋሻን በትክክል ማሰር መማር ትልቅ ዋጋ አለው። ፋሻው ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆና ተጠቅልሎ ደጋግሞ ያገለግላል።

የቆዳ እንክብካቤ

የሊምፌዴማ ዋነኛ አደጋ ሴሉላይቲስ የተባለው የቆዳ ኢንፌክሽን ነው። ክንዱ በድንገት ይቀላል፣ ይግላል፣ ያማል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል። ሕመሙ ምች ተብሎ በቤት ውስጥ ሊታለፍ ይችላል፤ ሆኖም በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ አንቲባዮቲክ መጀመርን የሚጠይቅ ነው። እያንዳንዱ ኢንፌክሽን የቀሩትን የሊምፍ ሥሮች ስለሚጎዳ ቀጣዩን እብጠት ያብሰዋል።

መከላከያው ቀላል ነው። ክንዱ በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ይደርቃል፣ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ወይም ሌላ ማለስለሻ ይቀባል። ጥፍር በጥንቃቄ ይቆረጣል፤ ትንሽ ጭረት እንኳ ወዲያው ታጥቦ ይሸፈናል። በተቻለ መጠን መርፌ መወጋት፣ ደም መስጠትና የደም ግፊት መለካት በሌላው ክንድ ቢሆን ይመረጣል።

በካፋ የገጠር ሴት የዕለት ሥራ ውስጥ ክንድን ለቁስል የሚያጋልጡ ጊዜዎች ብዙ ናቸው። እንሰት ሲፋቅ እጅ በስለትና በቃጫ ይላጣል፣ ለረጅም ጊዜም እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ቡና ሲለቀም ቅርንጫፍ ይቧጭራል፣ ጉንዳን ይነክሳል። ምድጃ ሲነድና ምጣድ ሲነሣ እሳትና እንፋሎት ይፈጃል። ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ መልበስ፣ ለእርጥብ ሥራ የላስቲክ ጓንት ማድረግ፣ ድስትና ምጣድ በወፍራም ጨርቅ መያዝ ከመድኃኒት የማይተናነስ ጥቅም አላቸው።

እንቅስቃሴና ሥራ

ቀደም ሲል ያበጠ ክንድ ያላቸው ሴቶች ከባድ ነገር ፈጽሞ እንዳያነሱ ይነገራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በ141 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን አመለካከት ለውጧል። በባለሙያ ክትትል፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ክብደት ያነሱት ሴቶች ክንዳቸው ካላነሱት ይበልጥ አላበጠም፤ እብጠቱ የሚባባስበትም ጊዜ ቀንሶላቸዋል፣ ጉልበታቸውም ጨምሯል።

ቁም ነገሩ ክብደቱን በአንድ ጊዜ አለማብዛት ነው። ለወራት ያረፈ ክንድ በአንድ ቀን ሙሉ ጀሪካን ውሃ ወይም አንድ ሸክም እንጨት ቢይዝ ሊያብጥ ይችላል። ጀሪካኑን በግማሽ መሙላት፣ በሁለቱ እጅ እያፈራረቁ መያዝ፣ ሥራን በመሀል በዕረፍት መክፈልና ማታ ክንዱን በትራስ ላይ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይረዳሉ። በየቀኑ የሚደረጉት እንቅስቃሴዎች ትከሻን ማሽከርከር፣ ክንድን በግድግዳ ላይ በጣቶች እያስኬዱ ወደ ላይ ማንሳት፣ ክርንን ማጠፍና መዘርጋት፣ መዳፍን መጨበጥና መክፈት ናቸው። እንቅስቃሴው ፋሻው ወይም እጅጌው ሳይወልቅ ቢደረግ ጥቅሙ ከፍ ይላል።

ማሸት የማይደረግበት ጊዜ

ክንዱ በኢንፌክሽን ሲቀላና ሲግል ማሸት ይቆማል፤ የሚቀጥለው አንቲባዮቲኩ ሠርቶ ትኩሳቱና መቅላቱ ካለፈ በኋላ ነው። በክንድ ወይም በእግር የደም መርጋት ያለባት፣ በከባድ የልብ ድካም የምትሰቃይ፣ ወይም እብጠቱ ከኩላሊት በሽታ የመጣባት ታካሚ ያለ ሐኪም ፈቃድ አትታሽም። ጨረር በመታከም ላይ ያለ ቆዳና ያልዳነ የቀዶ ሕክምና ቁስል አይነካም። ካንሰሩ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ማሸቱ ለማስታገሻ ሊሰጥ ይችላል፤ ውሳኔው ግን የካንሰር ሐኪሙ ነው።

የጥናት ማስረጃ

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክራን ግምገማ ስለ ሊምፍ ማሸት የተደረጉ 6 ጥናቶችን መርምሯል። በግምገማው መሠረት ፋሻ ብቻውን እብጠቱን ከ30 እስከ 39 በመቶ ሲቀንስ፣ ማሸት ሲጨመርበት ተጨማሪ 7 በመቶ ገደማ ቅናሽ ታይቷል። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው እብጠታቸው ቀላልና መካከለኛ በሆነ ሴቶች ላይ ነበር። ማሸቱ ጉዳት እንዳላስከተለም ተገልጿል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በሕክምናው ውስጥ ትልቁን ሸክም የሚሸከመው ፋሻው እንደሆነ ነው። የማሸት ባለሙያ በሌለበት አካባቢ ያለች ሴትም ፋሻ ማሰር፣ ቆዳዋን መጠበቅና ክንዷን ማንቀሳቀስ ከቻለች ከሕክምናው አብዛኛውን ጥቅም ታገኛለች።

በቦንጋና በካፋ ዞን

ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። በከተማዋ የሚገኘው የገብረጻድቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል የዞኑ ዋና የሕክምና ተቋም ነው። የጨረር ሕክምና ግን በዞኑ ውስጥ የለም። ከቦንጋ በጣም ቅርቡ የካንሰር ሕክምና ክፍል ያለው ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ላይ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም የካንሰር ዓይነቶች በብዛት የሚታየው ነው። ከክልል ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያና ድጋፍ ከሚሰጡት መካከል ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ይገኛል። ነገር ግን የክንድ እብጠት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሕክምናው አልቆ ታካሚዋ ወደ ቀበሌዋ ከተመለሰች በኋላ ነው። ለማሸት ሕክምና በየቀኑ ለሳምንታት ጅማ ወይም አዲስ አበባ መመላለስ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ አለው፤ በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ከቤተሰቡ ገቢ አንድ ጥንድ እጅ ይጎድላል።

ስለዚህ ታካሚዋ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት የሚሰጣት ትምህርት ወሳኝ ነው። የሁለቱም ክንዶቿ ልኬት በካርዷ ላይ መጻፉ፣ የራስ ማሸትና የፋሻ አስተሳሰር በተግባር መታየቱ፣ የኢንፌክሽን ምልክቶች መነገራቸው በኋላ ብዙ መንገድ ያስቀራሉ። በካፋ ገጠር የብዙዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ ካፊ ኖኖ ስለሆነ ትምህርቱ በዚሁ ቋንቋ ቢሰጥና አስታማሚዋም አብራ ብትማር ይረሳል ተብሎ አያሰጋም። በመንደር ደረጃ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክንዱን በሜትር በመለካትና ትኩሳት ያለባትን ወደ ጤና ጣቢያ በመላክ ሊያግዙ ይችላሉ።

ከእግር ዝሆኔ እንክብካቤ ጋር ያለው ዝምድና

ኢትዮጵያ ፖዶኮኒዮሲስ በተባለው የእግር ዝሆኔ በዓለም ከፍተኛውን ቁጥር ከያዙ አገሮች አንዷ ናት። በሽታው የሚመጣው በዝናባማ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች በቀይ እሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ነው። የአፈሩን ድርሻ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያብራራውና ስያሜውን የሰጠው በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። የእግር ዝሆኔና ከጡት ካንሰር በኋላ የሚመጣው የክንድ እብጠት መነሻቸው ቢለያይም በሁለቱም የተጎዳው የሊምፍ መንገድ ነው።

እንክብካቤውም ይመሳሰላል። የእግር ዝሆኔ ሕሙማን እግራቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ፣ ቅባት እንዲቀቡ፣ ፋሻ እንዲያስሩ፣ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉና ጫማ እንዲለብሱ ይማራሉ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት ይህ ቀላል እንክብካቤ ድንገት የሚነሣውን የእግር መቆጣትና ትኩሳት በ19 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ለዚሁ እንክብካቤ የሚያገለግል መመሪያ አውጥቷል።

ስለዚህ የእግር ዝሆኔን እንክብካቤ የተማረ የጤና ባለሙያ ፋሻ ማሰርን፣ የቆዳ ንጽሕናንና የኢንፌክሽን ምልክቶችን አስቀድሞ ያውቃል። ለክንድ የሚጨመርበት ነገር ጥቂት ነው፦ ፈሳሹ የሚገፋበት አቅጣጫ፣ የጣቶች አስተሳሰር፣ የብብትና የትከሻ እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም አዲስ እብጠት ሲታይ ካንሰሩ ተመልሶ እንደሆነ ለማጣራት ወደ ሐኪም መላክ ናቸው።